ዘላቂ ማረፊያ

«ዘላቂ» የሚለውን ቃል የእኔን ያህል የጠገበ ሰው ድሬዳዋ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ዘላቂ ልማት፣ ዘላቂ ጽዳት፣ ዘላቂ አረንጓዴነት። አንዴማ «ዘላቂ የሻይ ዕረፍት» ያለ አወያይ ገጥሞኛል፤ ዕረፍቱ ግን ከሌላው ቀን ያጠረ ነበር። ይህን ሁሉ የምሰማው ወድጄ አልነበረም። ሥራዬ አስተርጓሚነት ነበር። በየሆቴሉ አዳራሽ አንዱ በአማርኛ ይናገራል፤ ሲጨርስ እኔ ያንኑ በኦሮምኛና በሶማሊኛ እደግመዋለሁ። ጥሩ አስተርጓሚ የራሱ ሐሳብ የለውም ይባላል። እኔም እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ ጥሩ አስተርጓሚ ነበርኩ።

ቋንቋዎቹን ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኳቸውም። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ቤታችን መጋላ ሰፈር ጫፍ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ግድግዳ የምንጋራት ኤዶ ሐሊማ ሶማሌ ናት። «ኤዶ» አክስት እንደማለት ነው፤ እኔንም ከልጆቿ ሳትለይ በሶማሊኛ እየተቆጣች አሳደገችኝ። ኦሮምኛውን እናቴ ቀፊራ ገበያ ስትልከኝ ከነጋዴዎቹ ጋር ዋጋ እየተከራከርኩ ለመድኩት። አባቴ ካረፈ በኋላ ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። የእናቴ ጉልበት ታሞ ከአልጋዋ እስከ በራፉ ለመድረስ እንኳ ግድግዳ ትይዛለች። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ወንዝ ስላችሁ ውሃ እንዳይመስላችሁ። ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየሎች ይተኙበታል። ነገር ግን ላይ ደንገጎ ተራራው ላይ የዘነበ እንደሆነ፣ ከተማው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ ጎርፉ ሳይታሰብ ከተፍ ይላል። የወሰደብንን ሰው የድሬ ልጅ አይረሳውም። ከዳር እስከ ዳር ግንብ የተሠራውም ለዚህ ነው። በእናቴ አልጋና በጎርፉ መካከል ያለው ነገር ያ ግንብ ብቻ ነው።

ታዲያ በጋ ላይ የወንዙን ዳር መዝናኛ ሊያደርግ የመጣ አንድ ተቋራጭ፣ የጭነት መኪናው ወደ አሸዋው እንዲወርድለት ብሎ ግንቡን ልክ ከእኛ ቤት ትይዩ ሰበረው። ጥቂት ጠጠር አራገፈ፣ አንድ ቀለም የተቀባ አግዳሚ ወንበር ተከለ፣ ሄደ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው እስካሁን አላየሁም፤ በዚያ ፀሐይ የሚቀመጥ ቢገኝም ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነው እንጂ ተዝናና አይባልም። ክፍተቱ ግን መኪና እንደሚያስገባ አፉን ከፍቶ ቀረ።

ቢሮ ሄደን አመለከትን። «ችግሩ ይታወቃል» አሉን። እስከዚያው ድንጋይ እንኳ ይደርደርበት ስንል አንዱ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ደገፍ ብሎ «እኛ ጊዜያዊ መፍትሔ አናበረታታም፤ የምንሰጠው ዘላቂ መፍትሔ ነው» አለን። እንግዲያው ራሳችን እንደርድር ስንለው ደግሞ ተቆጣ። «የመንግሥት ግንብ ነው፤ ያለ ፈቃድ ንክች እንዳታደርጉ!» ዘላቂውን መፍትሔ ስንጠብቅ በጋው አለቀና ዝናብ ገባ።

በዚሁ መሃል ምርጫ ደረሰ። መቼም እኛ ከንቲባ በቀጥታ አንመርጥም፤ የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። ይሁንና ለምክር ቤቱ ከሚወዳደሩት ውስጥ ሦስቱ የከንቲባው ወንበር ለእነሱ የተለካ ያህል እርግጠኞች ስለነበሩ፣ አንድ ማኅበር ስለ ዘላቂ ከተማ ያላቸውን አቋም የሚያነጻጽር የሕዝብ ውይይት አዘጋጀ። አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ከኤዶ ሐሊማ ጋር በባጃጅ ስንሄድ፣ «ሂሩት፣ ዛሬ እኔም እናገራለሁ» አለችኝ።

«ምን ትያለሽ ኤዶ?»

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ያንን ቀዳዳ ማን ነው የሚደፍነው? ወላሂ ሌላ አልፈልግም። አንቺ ግን አታሳምሪው።»

«ምኑን?»

«የነሱን ወሬ ነዋ! አንቺ ስትደግሚው ሁሌ ያምራል። ባዶ ሳህን በጨርቅ ሸፍነሽ ነው የምታቀርቢልን አቦ።»

ስቄ አለፍኩት። ሥራዬን የሰደበች አልመሰለኝም ነበር።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጣሪያው ላይ ያሉት ማራገቢያዎች ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማመላለስ በቀር ያደረጉት ነገር የለም። ከመድረኩ ጀርባ የሦስቱ ተወዳዳሪዎች ፊት ያለበት ግድግዳ የሚያክል ባነር ተሰቅሏል፤ ከላዩ «ዘላቂ ድሬ ለሁላችን» ይላል።

መጀመሪያ የተነሳው ሁሉም «ኢንጂነሩ» የሚሉት ሰው ነበር። በፕሮጀክተር የከተማ ምስል አሳየን። ጥላማ ጎዳና፣ ሣር፣ የብስክሌት መንገድ። ምስሉ ላይ ያሉት ሰዎች ካፖርት ለብሰዋል። እኛ ታዳሚዎቹ በታደለን ወረቀት ፊታችንን እያራገብን የሚበርዳቸውን ሰዎች አየን። «የነገዋ ድሬ ይቺ ናት» አለ ሳያፍር። እኔም በሁለት ቋንቋ ደገምኩለት።

ሁለተኛው በሌላ ቀን ሱፉን ግጥም አድርጎ የሚለብስ፣ ያን ዕለት ግን የሰፈር ልጅ ለመምሰል ሽርጥ አገልድሞ የመጣ ሰውዬ ነው። የሽርጡ ማጠፊያ ገና ከሱቅ እንደወጣ ቀጥ ብሎ ይታያል፤ እንዳይወልቅበትም በአንድ እጁ ይዞታል። አወያዩ ስለ ቆሻሻ አወጋገድ ቢጠይቀው «ድሬ ፍቅር ናት!» አለ። ስለ ውሃ ቢጠይቀው «ተፋቅሮ የማይገኝ ውሃ የለም» አለ። ይህን ወደ ሶማሊኛ ስመልሰው የኋላ ወንበር ላይ ያሉ ሽማግሌዎች «ቧንቧውም እንደዚያ ይበለን» ብለው ተሳሳቁ።

ሦስተኛዋ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ወይዘሮ ናት። መልሷ ለሁሉም ችግር አንድ ነው፤ ችግኝ። ጎርፍ? ችግኝ። ሥራ አጥነት? ችግኝ። አስፋልቱ ዳር ያስተከለቻቸውን በዓይኔ አውቃቸዋለሁ፤ በቦቴ ውሃ ይቀርብላቸዋል። እኛ ሰፈር ውሃ ሲመጣ እልል የሚባለውን እያሰብኩ በችግኞቹ እቀና ነበር።

እንግዲህ አቋማቸው ሲነጻጸር ይህን ይመስል ነበር። አንዱ ብስክሌት፣ አንዱ ፍቅር፣ አንዷ ችግኝ። አወያዩ ግን «እጅግ የተለያዩና የበለጸጉ አማራጮች» ብሎ አመሰገናቸው።

የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ ኤዶ ሐሊማ ተነሳች። ማይኩን እንደ ዱላ ጨብጣ በሶማሊኛ ተናገረች። እኔም ሳላሳምር ወደ አማርኛ መለስኩት። «ስሜ ሐሊማ ነው። ቤቴ ደቻቱ ዳር ነው። ግንባችንን ሰብራችሁ ሄዳችኋል። ከቀዳዳው ፊት ለፊት መራመድ የማትችል ጎረቤቴ ተኝታለች። ማን ነው የሚደፍነው? መቼ?»

መራመድ የማትችለው ጎረቤቷ እናቴ እንደሆነች አዳራሹ አያውቅም።

ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። «እናታችንን አመሰግናለሁ። ትክክለኛ ነጥብ ነው ያነሱት። በጊዜያዊ ድፈና አናምንም። እኛ ስንመረጥ እዚያው ቦታ ላይ፣ ለወንዝ ዳር ነዋሪዎች በሙሉ፣ ውብና ዘላቂ ማረፊያ እናዘጋጅላቸዋለን!»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተከሰተው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የመቃብር ቦታ ማስታወቂያዎችን ስተረጉም ከርሜያለሁ። በቢሮ አማርኛ መቃብር መቃብር አይባልም፤ «ዘላቂ ማረፊያ» ነው የሚባለው። ደጋግሜ ከመጻፌ የተነሳ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን ከመጡ እጄም አፌም ሌላ ትርጉም አያውቅም። እንደለመደብኝ ማይኩን አነሳሁና በኦሮምኛም በሶማሊኛም ሁሉም በሚያውቀው ቃል ተረጎምኩት። «ወንዝ ዳር ለምትኖሩት በሙሉ፣ እዚያው ቦታችሁ ላይ፣ ያማረ ቀብሪ ይሠራላችኋል።»

የማራገቢያው ኩርኩርታ ብቻ ይሰማል። ቀጥሎ ከኋላ አንድ ሰው «አስተግፊሩላህ!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ወንበር ተንኳኳ፣ ሰው ተነሳ፣ ጫጫታው ጣሪያውን ነካ።

ባለሽርጡ ሶማሊኛም ኦሮምኛም እችላለሁ እያለ የሚምል ሰው ነው። ጫጫታውን ሲሰማ ሕዝቡ በኢንጂነሩ ቃል የተደሰተ መሰለው። ተቀድሜያለሁ ብሎ በደነገጠ ሰው ፍጥነት ማይኩን ነጠቀ። «ወገኖቼ! የእኛ ደግሞ ከዚህ በጣም የሰፋ ነው! አንድም ሰው ሳይቀር ሁላችሁንም የሚያስተናግድ ነው!»

ተረጎምኩት። ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው። ቀብራችን ሰፋ።

ወይዘሮዋም መቅረት አልፈለገችም። «እኛ ደግሞ ዙሪያውን ችግኝ እንተክልበታለን!»

እሱንም ተረጎምኩት። ኤዶ ሐሊማ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ትንቀጠቀጣለች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ አዛውንት በተረጋጋ ድምፅ «በሕይወታችን ሰምተን የማናውቀው ግልጽ ንግግር ነው» አለ።

አወያዩ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። «ምንድን ነው ያልሻቸው?»

«ያሉትን።»

«መቃብር ብለሻል እየተባለ ነው! ማረፊያ ማለት እኮ መናፈሻ ነው! አስተካክዪ!»

ማይኩን አነሳሁ። በእርግጥ ስህተት ነበር፤ ሰውየው መናፈሻ ማለቱ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ይስተካከላል። አፌን ስከፍት ግን የተሰበረው ግንብና ከግንቡ ወዲህ ያለው አልጋ ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ፤ የትኛው ትርጉም ነው ስህተቱ ብዬ ቆምኩ።

በዚህ ጊዜ የኤዶ ሐሊማ ስልክ ጮኸ። የደወለው በደንገጎ መንገድ ጭነት የሚያመላልሰው አማቿ ነው። ሁለት ቃል ሰምታ ፊቷ ተለወጠ። ማይክ አላስፈለጋትም።

«ላይ ሰማዩ ተቀዷል! መንገዱ ላይ መኪና መሄድ አልቻለም! ሂሩት፣ ጠይቂያቸው። መኪናቸው ደጅ ቆሟል። አሁን፣ ዛሬ፣ ለአሸዋና ለሰው ማመላለሻ ይሰጡናል ወይስ አይሰጡንም?»

ጠየቅኳቸው። ኢንጂነሩ ስለ አደጋ ሥጋት ቅድመ ጥናት ተናገረ። ባለሽርጡ በችግር ጊዜ ስለ መተሳሰብ ተናገረ፤ ሰዓቱንም አየ። ወይዘሮዋ የተራራው ደን መመናመን ያመጣውን ጣጣ ዘረዘረች። ውጭ ፀሐዩ እንደ ጉድ ያቃጥላል፤ እነሱ በየተራ ያወራሉ፤ ውሃው እየመጣ ነው። ሲጨርሱ ተራው የእኔ ሆነ። ማይኩን ይዤ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥዬ በሶማሊኛ ተረጎምኩ።

«ለኪ። ማያ።»

አይሆንም ማለት ነው። አወያዩ ዓይኑ ፈጠጠ። «ሦስቱም እኮ ይህን ሁሉ ተናግረዋል!»

«ትርጉሙ ይኸው ነው» አልኩት። ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ስዞር የአዳራሹ ሰው ከኋላዬ ነበር።

ደጅ ላይ ድምፅ ማጉያ የተጫነባት የባለሽርጡ ፒክአፕ ቆማለች፤ «ድሬ ፍቅር ናት» የሚል ዘፈን ታጫውታለች። ሾፌሩ እኛን ሲያይ ጫቱን ወደ ጉንጩ ሰብስቦ «ምንድን ነው?» አለ።

«ጎርፍ!» አለችው ኤዶ ሐሊማ።

«መኪናው ላይ ውጡ በቃ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!» አለ፤ ባለቤቱን አላስፈቀደም። እሱም የደቻቱ ልጅ ነው ለካ።

በቀፊራ በኩል ስናልፍ ዘፈኑን አጥፍቶ የድምፅ ማጉያውን ማይክ ወደ ኋላ አቀበለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ማይክ ይዤያለሁ። አስቀድሞ የሚናገር ሰው የሌለበት ማይክ ስይዝ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። የምተረጉመው የለም። ትንሽ ተንተባተብኩና በሦስቱም ቋንቋ ጮህኩ። «ጎርፍ እየመጣ ነው! ጆንያ ያለው ጆንያ፣ አካፋ ያለው አካፋ ይዞ መጋላ ጫፍ ይምጣ!» እህል ነጋዴዎቹ ባዶ ጆንያ በእቅፍ በእቅፍ እየወረወሩ ጫኑልን። ጋሪዎች ተከተሉን።

ከወንዙ አሸዋ እየዛቅን ጆንያ መሙላት ጀመርን። ሁለት ጎረምሶች እናቴን አንስተው ኤዶ ሐሊማ ቤት ፎቅ ላይ ሊያወጧት ቢገቡ ተቆጣቻቸው።

«እኔን ወዴት ነው የምትሸከሙኝ? ጆንያ ተሸከሙ!»

«እማ፣ በናትሽ ውጪ፣ ውሃው እየመጣ ነው!» አልኳት።

«የታመመው ጉልበቴ ነው፣ እጄ አይደለም። ወንበሬን በራፉ ላይ አድርጊልኝ።»

በራፉ ላይ ተቀመጠች። እኛ የሞላነውን ጆንያ አፉን እያነቀች በሲባጎ ታስራለች። በቀዳዳውና በእሷ መካከል ያለው አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ መንገድ ነው። ውሃው ሰብሮ ቢገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነበር፤ እሷም ታውቃለች። ቀና ብላ ግን አላየችም፤ ታስራለች ብቻ።

ክምሩ ደረት ሲደርስ ከጆንያዎቹ መሃል ውሃ ሊሾልክ እንደሚችል ታየን። ላስቲክ ፈለግን፣ የለም። ያኔ ከአዳራሹ የመጡ ልጆች አንድ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር ከጋሪ ላይ ጎትተው አወረዱ። ስንዘረጋው «ዘላቂ ድሬ ለሁላችን»። የመድረኩ ባነር ነው። የሦስቱንም ፊት በአሸዋማ እግራችን እየረገጥን ወደ ወንዙ በሚያየው በኩል አለበስነው፤ ጫፉንም በጆንያ ጫንነው።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፤ የረጠበ አፈር ሽታ። ፍየሎቹ ማንም ሳይነዳቸው ከአሸዋው ወጡ። ከዚያ ድምፁ፤ የጭነት ባቡር በሩቅ ሲመጣ እንደሚሰማው ያለ። በመጨረሻ ቡናማው ውሃ ጎማና ግንድ እያላጋ፣ ያችን ባለ ቀለም ወንበር ከነሥሯ ነቅሎ እያንከባለለ ደረሰ። ክምራችንን ሲመታው መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሁላችንም በጀርባችን ደገፍነው። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ የፒክአፕ ሾፌሩ፤ በየቋንቋው ፈጣሪውን ይጠራል። ውሃው ወደ ላይ ወጣ። በክምሩ አናት አሻግሬ ስመለከት፣ በባነሩ ላይ የኢንጂነሩ አገጭ ጠፋ፣ ከዚያ አፉ ጠፋ። ግንባሩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

ከሥር የሾለከው ውሃ የእናቴን እግር አርሶ አለፈ። «ቀዝቃዛ ነው» አለች። እኔ ግን ጆንያው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

በነጋታው ጎርፉ ጎድሎ አሸዋው ሲታይ ሦስቱም በየተራ መጡ፤ ፎቶ ለመነሳት። ኢንጂነሩ ፊቱ የታተመበትን ባነር ጭቃ ለብሶ ሲያየው ትንሽ ተከፋ። አብሮት የመጣው ኃላፊ፣ ያ ወንበሩን ተደግፎ ያናገረን ሰው፣ ክምሩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገና «ይህ እኮ ጊዜያዊ ነው፤ መነሳት አለበት» አለ። ኤዶ ሐሊማ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። እሷ የመለሰችለትን ግን ለእናንተ አልተረጉመውም፤ እናቴ ይህን ጽሑፍ አስነብባ ትሰማዋለች።

ከዚያ በኋላ በውይይት አዳራሾች የጠራኝ የለም። «ታማኝ አይደለችም» ተባልኩ አሉ። አሁን ፍርድ ቤት አስተረጉማለሁ። እዚያም ሰው ይዋሻል፤ ልዩነቱ ቢያንስ መጀመሪያ ይምላል። አንዳንድ ወዳጆቼ ያን ቀን ስህተትሽን ማስተካከል ነበረብሽ ይሉኛል። ብዙ አስቤበታለሁ። ሰውየው መናፈሻ ሊል ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳውን ከፍቶ የሚተው ሰው ለእናቴ ያዘጋጀላት ግን የትኛውን ማረፊያ እንደነበር እኔ አይቻለሁ። ስለዚህ አላስተካከልኩትም፤ አላስተካክለውምም።

እናንተም የምታነቡኝ፣ ከመካከላቸው ማን ወንበሩን አገኘ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ልዩነታቸውን ያወቃችሁ ካላችሁ እናንተው ንገሩኝ። ይልቅ አንዱ መድረክ ላይ ቆሞ ዘላቂ ነገር ቃል ሲገባላችሁ፣ አጠገባችሁ ያለውን የሌላ ቋንቋ ሰው «ይህ በእናንተ ምን ማለት ነው?» በሉት። ወደ ሌላ አፍ ሲሻገር ባዶ የሚሆን ነገር ከመጀመሪያውም ባዶ ነበር።

ወደ ሰፈራችን ብቅ ካላችሁ ክምሩን ታገኙታላችሁ። በላዩ ላይ ኮረትና ሲሚንቶ አዋጥተን ስለለሰንንበት ባነሩ አይታይም፤ በአንዱ ጥግ ግን «ዘላቂ» የምትለው ቃል ብቻ ትንሽ ወጥታለች። ሦስት ዝናብ አልፎበታል፤ እናቴም አሁን ከኋላው በራፏ ላይ ተቀምጣለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ፣ ሶማሌውም ኦሮሞውም፣ በአማርኛ ስም አውጥቶለታል። «ልጆቹ የት ሄዱ?» ስትሉ «ጊዜያዊ ላይ ተቀምጠዋል» ይሏችኋል። ዘላቂው ገና አልመጣም።